ደቻቱን ተሻግሮ የተመለሰው ጭፈራ

የማጫውታችሁ ነገር የሆነው በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ቢቆጠር አራት ሰዓት አይሞላም። ድሬዳዋ ውስጥ ዛሬም የሚያስታውሱት ሰዎች አሉ፤ ሲያወሩት ታዲያ እኔን ጀግና አድርገው ነው። «ጽጌ እኮ ያኔ ካድሬውን ፊት ለፊት...» እያሉ ይጀምራሉ። እኔ በሰማሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ጀግና መሆን አልፈለግኩም፤ የፈለግኩት ሌላ ነገር ነበር። አንድ ጊዜ ራሴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከሶማሊያ ጋር የነበረው ጦርነት ካበቃ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፣ ኩባውያኑ ወታደሮች ግን ገና አልሄዱም። ቀን ከዚራ በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት እሠራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ የሰፈራችን ኪነት ቡድን የውዝዋዜ አሠልጣኝ ነኝ። አሠልጣኝ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። እኔን ማንም አላሠለጠነኝም። የማውቀው መቁጠር ብቻ ነበር። አንድ ሁለት ሦስት አራት፣ ዞር፤ አምስት ስድስት ሰባት ስምንት፣ ቁጭ ብድግ። የኦሮሞውም፣ የሶማሌውም፣ የጉራጌውም ጭፈራ በእኔ እጅ ሲገባ እኩል አራት አራት ደቂቃ ይሆናል። መድረክ ላይ እንወጣለን፣ ቆጥረን እንጨፍራለን፣ እጅ ነስተን እንወርዳለን።

እንደዚያም ሆኖ ነገሩን ከልቤ እወደው ነበር። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የአንድ ዓመት የውዝዋዜ ትምህርት ሊሰጥ ነው፣ ከእኛም አንድ ሰው ይፈለጋል ሲባል እንቅልፍ አጣሁ። ተፈተንኩ፣ አለፍኩ። የቀረኝ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ሆነ። ያን ዘመን የኖረ ሰው የድጋፍ ደብዳቤ ምን እንደሆነ አይጠይቀኝም። ላልኖረው ልንገረውና፣ ይህች ሰው ንቁ ናት፣ በስብሰባ ትገኛለች፣ ግዴታዋን ተወጥታለች የሚል አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ያለ እሱ ትምህርት ቤቱ በር አያስገባም። ታይፒስቷ እኔው ስለሆንኩ ደብዳቤውን ራሴ ተየብኩት። ፊርማና ማኅተም ብቻ ነው የጎደለው።

ፈራሚው ጓድ ፈለቀ የሚባል የአካባቢያችን ካድሬ ነበር። ክፉ ሰው ነው ብዬ አልዋሽም። ሹራብ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ የሚሄድ፣ በዚያ ሙቀት፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል ሰው ነበር። ደብዳቤዬን ኪሱ ከቶ ለሁለት ወር «ነገ» አለኝ። አንድ ቀን ግን ራሱ ቢሮዬ ድረስ መጣ።

«ጽጌ፣ የኩባ የባህል ልዑካን ሊመጡ ነው። ለአቀባበላቸው በሚደረገው በዓል ላይ የራሳቸውን አገር ባህላዊ ጭፈራ ታቀርቡላቸዋላችሁ» አለኝ።

«የኩባ ጭፈራ እኮ አናውቅም ጓድ ፈለቀ።»

«አሠልጣኝ የሆንሽው ለምንድን ነው ታዲያ? ዘጠኝ ቀን አለሽ።»

«ደብዳቤዬስ?»

«በዓሉ ካማረ እፈርማለሁ» አለና ወጣ።

አስተማሪ የሚሆነኝ ሰው ከኩባውያኑ ካምፕ ተላከልኝ። ስሙ ራሞን ነው። የውሃ ቦቴ ሾፌር፣ ጥቁር፣ ረጅም፣ ሳንቲያጎ ከምትባል የባሕር ዳር ከተማ የመጣ። አማርኛ የተማረው መጋላ ገበያ ውስጥ ውሃ ሲያድል ስለሆነ አማርኛው ግማሹ ሶማሊኛና ኦሮምኛ ነበር። «አቦ» የምትለዋን ቃል ከእኛ ከድሬ ልጆች በላይ ይጠቀምባታል።

በመጀመሪያው ቀን ደብተሬን ዘርግቼ ጠበቅኩት። «ስንት እንቅስቃሴ አለው?» አልኩት።

«አንድ» አለ።

«አንዱስ ምንድን ነው?»

«መሄድ።»

እንደሚቀልድ መሰለኝ። ተነስቶ አሳየኝ። እግሩ መሬት አይለቅም። ጉልበቱን ላላ አድርጎ፣ ጫማውን አስፋልቱ ላይ እየፋቀ፣ ወገቡን ትንሽ ይዞ፣ ይሄዳል። በቃ። ዙር የለ፣ ቁጭ ብድግ የለ። ልቆጥርለት ብሞክር ቁጥሬ ከእሱ እግር ጋር አልገጥም አለ።

«ይሄማ ጭፈራ አይደለም፤ ገበያ መሄድ ነው» አልኩት በንዴት።

«አቦ ጽጌ፣ ቁጥር ተይው። ወላሂ ቁጥር የለም» አለ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው ስለ አገሩ ነገረኝ። በክረምታቸው፣ ሙቀቱ ሲብስ፣ ከተማዋ ከባሕሩ ጀምሮ እስከ ኮረብታው ድረስ ትጨፍራለች። እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ የከበሮ ቡድን አለው። አንድ ቀን ታዲያ የአንዱ ሰፈር ከበሮ ይነሳና የሌላውን ሰፈር ሊጠይቅ ይሄዳል። በራቸው ላይ ቆሞ ይመታል፤ እነሱም ከበሯቸውን አውጥተው ይመልሳሉ። ሰላምታ ነው። ከኋላ ሕዝቡ ይከተላል። አሮጊቷ ወጥ የምታማስልበትን ጭልፋ እንደያዘች፣ ሰውየው ፊቱን ግማሽ ተላጭቶ ግማሽ ሳይላጭ ይወጣል። የጫማው ሶል መሬቱን ሲፍቅ የሚሰማው ድምፅ ራሱ አንድ መሣሪያ ነው አለኝ። ተመልካች የሚባል ሰው የለም። መድረክም የለም።

«መድረክማ ይኖራል» አልኩት። «ደግሞም አራት ደቂቃ ነው።»

አንገቱን ነቀነቀ። «ፊሽካ የያዘ ሰው ይመራል» አለ። «አንቺ ፊሽካ። ግን አንድ ሕግ አለ። ከቤቱ ያወጣሽውን ሰው መንገድ ላይ አትጥይም። ከበሮው ወደ ሰፈሩ ይመልሰዋል።» ይህንንም ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ለመድረኩ ስለማይጠቅመኝ ከሥሩ አላሰመርኩበትም።

ቀጥሎ የብረቱ ጣጣ መጣ። ይህ ጭፈራ ከከበሮው ሌላ ብረት ይፈልጋል፤ ብረቱም ታምቡር የሚሉት ክብ የመኪና ፍሬን ነው። ከበሮ መቺያችን ከድር በባቡር ጥገና ውስጥ የሚሠራ ብየዳ ሠራተኛ ስለነበረ ነገሩ ቀላል መሰለን። ግቢው ውስጥ የወዳደቀ ብረት ተራራ አክሏል። ግን አንዷን ቁራጭ ለማስወጣት የመውጫ ወረቀት ያስፈልጋል። የመውጫ ወረቀቱን የሚፈርመው ሰው የጥያቄ ደብዳቤ ፈለገ። የጥያቄ ደብዳቤውን የሚፈርመው ጓድ ፈለቀ ሐረር ሄዷል። ያለ ወረቀት ካወጣህ ደግሞ አሻጥረኛ ነህ፤ እሱን ስም ያገኘ ሰው ቶሎ ቤቱ አይገባም። አራት ቀን በዚህ አለቀ። በመጨረሻ ራሞን ራሱ ከካምፑ ጀርባ ከወደቀ የጭነት መኪና ላይ ሁለት ታምቡር ፈታና በቦቴው ጭኖ አመጣልን። ከድር በብሎን መፍቻ ሲመታው የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ።

በዓሉ ደረሰ። ሕዝቡ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ባለው አደባባይ በጠዋቱ አራት ሰዓት እንዲገኝ ታዟል። ስም ይጠራል፤ የቀረ ሰው ስኳሩን ከቀበሌ ሱቅ አያገኝም። መድረኩ ተሠርቷል፣ ቀይ ጨርቅ ለብሷል። ሕዝቡ ወደ መድረኩ እንዳይጠጋ ዙሪያውን ገመድ ተወጥሯል። እኛ ዘጠኛችን ከመድረኩ ጎን ቢጫ ሸሚዝ ለብሰን ቆመናል። እንግዶቹ የሉም።

አምስት ሰዓት ሆነ፣ የሉም። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ አውሮፕላኑ አልተነሳም አሉ። ድሬዳዋ በስድስት ሰዓት ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰው በዚያ ሰዓት ጥላ ፈልጎ የሚጋደምባት ከተማ ናት። እኛ ግን ፀሐዩ ላይ ነን። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ልቀመጥ ብትል ሰልፉ ይበላሻል ተባለችና ባሏ ትከሻ ላይ ተደገፈች። ውሃ የሚያዞር ሰው የለም። ስም ስለተጠራ ቤቱ መሄድ የሚችልም የለም። እኔ በሆዴ ደብዳቤዬን አስባለሁ። ዛሬን ብቻ፣ እላለሁ፤ ዛሬን ብቻ ልቻለው።

እንግዶቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሱ። ንግግር ተጀመረ። ንግግሩ በአማርኛ ይነበባል፣ በስፓኒሽ ይተረጎማል፣ መልሱ በስፓኒሽ ይነበባል፣ በአማርኛ ይተረጎማል። አምስት ሰው ተናገረ። ራሞን ከጓዶቹ ጋር ከመድረኩ በግራ በኩል በሰልፍ ተቀምጧል፤ እንዳይንቀሳቀሱ ታዘዋል። ሌሎቹ የኪነት ቡድኖች ተራ በተራ ከፕሮግራሙ ተሰረዙ። አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ጓድ ፈለቀ ላቡን እየጠረገ መጣ።

«ጊዜ የለም» አለኝ። «መድረክ አትወጡም።»

«እንዴት አንወጣም? ዘጠኝ ቀን ሙሉ...»

«አትከራከሪኝ። እንግዶቹ ባህላቸውን ማየት አለባቸው። በመድረኩ ፊት እየጨፈራችሁ እለፉና ሂዱ።»

«ወዴት ነው የምንሄደው?»

«ወደፊት ነዋ» አለና ወደ መድረኩ ሮጠ።

እንግዲህ የኪነት ሰው ልማዱ አንድ ነው። ጀምር ሲሉት ይጀምራል፣ አቁም እስኪሉት አያቆምም። መድረክ ላይ መብራት ጠፍቶ እንኳ በጨለማ የጨፈርንበት ቀን አለ። የት እንደምናቆም አልነገረንም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም። ፊሽካዬን ነፋሁ። ከድር ብረቱን መታ።

በመድረኩ ፊት ስናልፍ እንግዶቹ ብድግ አሉ። አንዲት ወፍራም ኩባዊት አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ግን ያየሁት ራሞንን ነው። ከተቀመጠበት ተነስቶ አንድ እግሩን መሬት ላይ መፋቅ ጀመረ፤ አለቃው ዞር ብሎ ሲያየው ተቀመጠ። አለፍን። ገመዱ የሚያልቅበት ቦታ ደረስን፣ አለፍነው። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ዛፎቹ ግራና ቀኝ ጥላ ጥለዋል። ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ሸሽ፣ ሸሽ፣ ሸሽ የሚል። ዞር አልኩ።

ሕዝቡ ገመዱን አልፎ እየተከተለን ነው። ቀኑን ሙሉ የቆመ እግር ነው፤ መሄድ ብቻ ነበር የፈለገው። ማንም እርምጃውን አላስተማራቸውም። ሸበጥ ያደረገው በሸበጡ፣ ነጠላ ጫማ ያደረገው በነጠላ ጫማው አስፋልቱን እየፋቀ፣ እግሩን ሳያነሳ ይመጣል። እኔ ለቡድኔ በዘጠኝ ቀን ላስተምረው ያልቻልኩትን ነፍሰ ጡሯ ሴትዮ ባሏን ይዛ አሳምራ ትሄደዋለች። ቅናት ይሁን ደስታ አላውቅም፣ እንባዬ መጣ። በዚያ ዘመን ሰው ተጠርቶ ነበር የሚሰለፈው፤ መፈክር ይዞ፣ ስሙ ተጽፎ። ሳይጠራ ሲሄድ ያየሁት ያኔ ነው።

ማቆም ነበረብኝ። አውቃለሁ። አላቆምኩም። «ወደፊት ብሏል» አልኩ ለራሴ፤ ትእዛዝ ነው የማከብረው።

ደቻቱ ስንደርስ ወንዙ እንደልማዱ ደረቅ ነው። በድልድዩ መዞር ትተን ሰው ሁሉ አሸዋው ላይ ወረደ። አሸዋው ላይ የጫማው ድምፅ ጠፋ፤ ብረቱና ከበሮው ብቻ ቀረ። ወዲያ ማዶ መጋላ ነው። ስንወጣ የሽንኩርት ነጋዴዋ አዴ ፋጡማ ሱቋን ጥላ ድቤዋን በክንዷ አንጠልጥላ መንገዱ መሐል ቆማ ጠበቀችን። በሠርግ ላይ ድቤ ስትመታ ከተማው ሁሉ ያውቃታል። ከድር ብረቱን ሲመታ እሷ በድቤዋ መለሰች። እሱ መታ፣ እሷ መለሰች። የራሞን አገር ልማድ በትክክል ያ ነበር፤ ሰፈር ሰፈርን ሲጠይቅ። ማንም አልነገራትም።

«አንቺ ልጅ፣ ሠርጉ የማን ነው?» አለችኝ እየሳቀች።

«የማንም አይደለም አዴ። እንዲሁ ልንጠይቃችሁ መጥተን ነው።»

«ሀያ፣ እንኳን መጣችሁ» ብላ ከፊታችን ገባች። የመጋላ ሰው ከየበሩ ወጣ።

የገበያው በር አጠገብ ስንደርስ ስድስት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች መንገዱን ዘግተው ቆመዋል። መሣሪያቸውን ወድረዋል። ከእኛ ይልቅ የፈራው መሪያቸው ነበር።

«የማን ሰልፍ ነው? ወረቀት አላችሁ?» አለ።

ወረቀት። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ወረቀት ስፈልግ የኖርኩ ሰው በዚያች ሰዓት አንዲት ብጣሽ የለኝም። «ሰልፍ አይደለም፣ ከበዓሉ ነው የመጣነው። ጓድ ፈለቀ ነው ያዘዘን» አልኩ። አላመነኝም። ከኋላ ያለው ሕዝብ መቆማችንን ስላላየ ይገፋል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ ሱቅ፣ ከኋላ የወንዙ ቁልቁለት። ስንት ሰው እንደነበረ አላውቅም። መጨረሻው አይታየኝም ነበር።

በዚህ መሐል ላንድሮቨር በድልድዩ ዞሮ መጣና ጓድ ፈለቀ ወረደ። ፊቱ አመድ መስሏል። ክንዴን ይዞ ወደ መኪናው ሳበኝ።

«ምን እየሠራሽ ነው? ይሄ ያልተፈቀደ ሰላማዊ ሰልፍ ነው። ይገባሻል?»

«ወደፊት ሂዱ አልከኝ እኮ።»

«ከጥግ ዞራችሁ ትበተናላችሁ ብዬ ነው እንጂ መጋላ ድረስ ሕዝብ ይዘሽ ነዪ ብዬ ነው?» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ። ፊሽካ ንፊ፣ ከበሮውን አስቁሚ፣ እዚሁ በትኚያቸው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ። እኔም ምንም አላየሁም እላለሁ።»

«ወዴት ነው የሚበተኑት? መንገዱ ዝግ ነው። ይዣቸው ልመለስ፤ በመጡበት ልመልሳቸው።»

«አንድ እርምጃ እንኳ በሰልፍ አይሄዱም። እዚሁ» አለ። እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተና ደብዳቤዬን አወጣ። እኔው የተየብኩት፣ በእኔ ማሽን የተመታ፣ የተጣመመችው «መ» ሳትቀር። በላንድሮቨሩ ኮፈን ላይ ዘረጋውና እስክሪብቶውን አወጣ። «አሁን እፈርምልሻለሁ። እዚሁ። ንፊ።»

ሰዎች ሲያወሩት እዚህ ላይ «እምቢ አለች» ይላሉ። ውሸት ነው። ፊሽካውን አፌ ውስጥ ከተትኩ። ልነፋው ነበር። አዲስ አበባ ታየኝ፤ መስታወት ያለው ሰፊ ክፍል፣ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አስተማሪ። ሕዝቡስ ምን አገባኝ፤ እኔ አልጠራሁት፣ በራሱ ነው የመጣው። ይህን ሁሉ አስቤያለሁ።

ያኔ ከጥበቃዎቹ አንዱ መሣሪያውን አቀባበለ። ድምፁን የሰማነው ቅርብ የነበርን አራት አምስት ሰዎች ብቻ ነን። አዴ ፋጡማ ሰማች፤ ድቤው ላይ ያለው እጇ ቆመ። ከኋላ ያለው ግን አልሰማም። ለምን አልሰማም? ከድር ብረቱን መምታት ስላላቆመ ነው። እኔ ፊሽካ ነፍቼ ብረቱ ዝም ቢል ያ ሁሉ ሰው በአንዴ ይሰማል። የሚቀጥለው መሣሪያ ሲቀባበል ካ ካ ማለቱን ይሰማል። ያን ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ ያንን ድምፅ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ሰምቶ ቆሞ የሚጠብቅም የለም። ይሮጣል። በዚያ ጠባብ መንገድ ላይ፣ ነፍሰ ጡሯም አዴ ፋጡማም ባሉበት።

ፊሽካውን ከአፌ አወጣሁ። «አትቁም፣ በርታ» አልኩት ከድርን በጆሮው። ለጓድ ፈለቀ ጀርባዬን ሰጥቼ ሰዉን እየሰነጠቅኩ ወደ ኋላ ገባሁ። ከድርና ከበሮዎቹ ተከተሉኝ። እየሳቅሁ ነበር የማልፈው፤ ፊቴ እንዳያስፈራቸው ጥርሴን ገልፍጬ። «ዙሩ፣ እንመለስ፣ አሁን ደግሞ እናንተ ጋ ነው» እላለሁ። ሰዉ የጨዋታው ሥርዓት መሰለው። ዞረ። የኋላው የፊት ሆነ። ጥይት ይተኮሳል ብዬ እየጠበቅሁ እስከ አሸዋው ድረስ ሄድኩ። አልተተኮሰም።

መመለሱ ከመሄዱ የዘገየ ነበር። በየመንገዱ አፍ ላይ ጥቂት ቆመን እንመታለን፤ የዚያ ሰፈር ሰው ይለያል፣ በሩ ድረስ ይሄዳል፣ እኛ እንቀጥላለን። አዴ ፋጡማ በሱቋ ደጃፍ ላይ ድቤዋን አስቀመጠችና አንዴ አቀፈችኝ። ወንዙን ተሻገርን። ከዚራ ውስጥ ነፍሰ ጡሯን ሴትዮ በራሷ በር ላይ አደረስናት። እንዲህ እንዲህ እያለ ሳሳ። ፀሐይ ስትጠልቅ ባቡር ጣቢያው ጋ ስንደርስ ያው ዘጠኛችን ብቻ ነበርን። እግሬ ደምቷል። ጓድ ፈለቀ በላንድሮቨሩ ቀድሞን ደርሶ ቆሞ ይጠብቀናል። ስምንቱን ወደ ቤታቸው ሰደደ። እኔን ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ጀርባ ባለች ክፍል አስገቡኝ።

በሦስተኛው ቀን ጓድ ፈለቀ ራሱ መጣ። ወንበር ይዞ ገባና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ደክሞታል።

«ዛሬ ትወጫለሽ» አለኝ። «ግምገማ ተደርጎ ነበር። ልዑካኑ በጣም ተደስተዋል ተብሏል። የበዓሉ ምርጥ ዝግጅት ነው ብለዋል።»

ለመውጣት ተነሳሁ።

«ጽጌ» አለ፣ «ያኔ ብትበትኛቸው ኖሮ ሰው ይሞት ነበር። አውቃለሁ። ሌሊቱን ሳስበው ነው ያደርኩት።»

«እንግዲያው ፈርምልኝ» አልኩት።

ወለሉን አየ። «ከፈረምኩልሽ በትኚ ያልኩሽ ስሕተት ነበር ማለቴ ነው። ያንን ደግሞ እኔ ጽፌ አልሰጥም።»

ከዚያ በላይ ያናደደኝ ንግግር በሕይወቴ አልሰማሁም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ልክ ነሽ እያለኝ ነው የከለከለኝ። ከእስር ወጥቼ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የሌላ ቡድን ልጅ በእኔ ቦታ እንድትሄድ ተወሰነ። የድጋፍ ደብዳቤዋን ማን የተየበው ይመስላችኋል? እኔ ነኝ። ንቁ ተሳታፊ፣ ግዴታዋን የተወጣች። አንድም ፊደል አልተሳሳትኩም። በማግስቱ ተፈርሞ ወጣ።

ራሞንን ካምፑ ድረስ ሄጄ ጠየቅኩ፤ ጦሩ ተቀይሯል አሉኝ። ሰዎቹን መመለሴን ሰምቶ ይሁን ሳይሰማ የሄደው አላውቅም። ኪነት ቡድኑን ተውኩ። ከዚያ ወዲህ ቆጥሬ ጨፍሬ አላውቅም፣ ሰውም ቆጥሬ አላስጨፈርኩም። ሠርግ ላይ ብትጠሩኝ ከኋላ ነው የምታገኙኝ።

ምን ተለወጠብሽ ትሉኝ እንደሆነ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚያው ማሽን ላይ ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ። በእነዚያ ዓመታት ወረቀት ይዞ ቢሮዬ በር ላይ የቆመን ሰው «ነገ ተመለስ» ብዬ አላውቅም። የምሳ ሰዓት አልፎ፣ የማሽኑ ሪባን አልቆ፣ አለቃዬ ተቆጥቶ፣ የመጣ ሰው ወረቀቱን ሳልተይብለት ከበሬ አልሄደም። ለዚህም ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኛል። ደግነት አይደለም። ሰው ከቤቱ አውጥቶ መንገድ ላይ መጣል እንዴት እንደሚቀል ስላየሁ ነው። እኔም ፊሽካው አፌ ውስጥ ነበር።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሰዎች አደራችሁን፣ ስታገኙኝ «ጎሽ፣ ደግ አደረግሽ» አትበሉኝ። እንዲህ የሚለኝ ሰው በደብዳቤው ምትክ በምስጋና የተከፈለኝ ይመስለዋል። ሰዎቹ በደህና ቤታቸው ገብተዋል፤ ነገም ቢሆን እመልሳቸዋለሁ። ደብዳቤውም ይገባኝ ነበር። አንዱ ለሌላው ካሣ አልሆነልኝም፣ አርጅቼም አልሆነልኝም።